ትኩሷን ማን ይበላታል?

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ በጀመረ በዐሥር ደቂቃ ውስጥ መብራት ሄደ፤ ስጽፈው የነበረው ደብዳቤም አብሮ ሄደ። ሐምሌ በገባ ቁጥር የሚይዘኝ፣ ርቦኝ ሳለ ምንም የማያሰኘኝ፣ ደክሞኝ ሳለ እንቅልፍ የሚርቀኝ ያ ስሜት ይዞኝ ስለ ነበር፣ ቢያንስ ሻይ ላፍላ ብዬ ያችን ትንሽ ቡታጋዝ ከመደርደሪያው ሥር ጎትቼ አወጣኋት። ለኩሼም ሻዩን ረሳሁትና ሰማያዊውን ነበልባል ቆሜ ሳየው ቆየሁ፤ ቻፓቲ አማረኝ።

ቻፓቲ ስል ምግብ ቤቶች በቅርጫት የሚያቀርቡትን፣ በታንዱር ምድጃ የተጋገረውን ናን ማለቴ አይደለም። ናን እርሾ ያለበት የድግስና የሆቴል ዳቦ ነው፤ ቻፓቲ ግን የቤት ናት፤ ዱቄት፣ ውሃና ቁንጥር ጨው ብቻ። የተማርኳት ፑንጃብ ውስጥ፣ ፓቲያላ በተባለች ከተማ፣ ከአከራያችን ከአንቲ ነው። (ሰፈሩ ሁሉ «አንቲጂ» ይላቸው ስለ ነበር ሌላ ስም ያላቸው አይመስለኝም ነበር።) ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ መጀመሪያ የሠራሁላት ለእናቴ ነው። በሁለት ጣቷ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከያዘቻት በኋላ «ልጄ፣ ቂጣ ለመማር ነው እንዴ ህንድ ድረስ የሄድከው?» አለችኝ። እስከ ዛሬ የሚያጠግብ መልስ አላገኘሁላትም።

ልዩነቱ ልስላሴዋ ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ልስላሴዋም ከዱቄቱ ይጀምራል። እዚያ «አታ» የሚሉት ዱቄት ስንዴው ከነፉርሽካው በሁለት ድንጋዮች መካከል የተፈጨ ነው። ድንጋዩ እየደቆሰ ስለሚፈጨው በስንዴው ውስጥ ያለው ስታርች ይጎዳል፤ የተጎዳ ስታርች ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ሊጥ ደግሞ እሳት ላይ ቶሎ አይደርቅም። እዚህ በፉርኖ ዱቄት ብቻ ስሠራት መልኳ ያምርና ስትቀዘቅዝ እንደ ጫማ ቆዳ ትሆናለች፤ ወፍጮ ቤት ባስፈጨሁት ስንዴ ብቻ ስሠራት ደግሞ ፉርሽካው ሊጡን እየበሳሳው ጠርዟ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ የወፍጮ ቤቱን በወንፊት ነፍቼ፣ ሁለት እጅ ከእሱ፣ አንድ እጅ ከፉርኖው እቀላቅላለሁ። ለሁለት ኩባያ ዱቄት አንድ ኩባያ የማይሞላ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል፤ እሱም በአንድ ጊዜ የሚደፋ ሳይሆን እየቆጠቡ የሚጨመር ነው። አንቲ ኩባያ አያውቁም ነበር። ሊጡን ጫን ያደርጉና ወዲያው የራሳቸውን ጆሮ፣ ጉትቻ የሚንጠለጠልበትን ለስላሳ ሥጋ ይነካሉ፤ ሁለቱ ሲመሳሰሉላቸው ራሳቸውን ነቅነቅ ያደርጋሉ። እኔም ዛሬ እንዲሁ አደረግሁ፤ ይህን የምጽፈው ጆሮዬ ላይ ከደረቀ ሊጥ ጋር ነው።

ከዚያ ሊጡን እርጥብ ጨርቅ አልብሶ ግማሽ ሰዓት መተው ነው። በመታሸት የተወጠረው ግሉተን (ሊጡን የሚያስተሳስረው የስንዴ ፕሮቲን) የሚላላው ያን ጊዜ ስለሆነ፣ ያላረፈ ሊጥ በመዳመጫው ሲገፉት ይሄድና ተመልሶ ይሰበሰባል። እኔ በዐሥራ አምስተኛው ደቂቃ ከፍቼ ዳመጥኩ፤ የመጀመሪያዋ ቻፓቲ ማንም መርከበኛ ያላያት ደሴት መሰለች። ሁለተኛዋም ከእሷ ብዙ አልተሻለችም፤ መጥበሻው ሳይግል ነበርና የጣልኳት፣ ለመብሰል ስትጠብቅ ውሃዋን ጨርሳ ጠነከረች። ደንቡ መጥበሻውን በደንብ አግሎ፣ ፊቷ ላይ ትንንሽ እብጠቶች ብቅ እንዳሉ መገልበጥ፣ ሁለተኛውን ወገን ቡናማ ነጠብጣብ እስኪያወጣ ጥቂት ማቆየት፣ ከዚያም ከመጥበሻው አንሥቶ በቀጥታ ነበልባሉ ላይ ማሳረፍ ነው። በውስጧ የቀረችው ጥቂት ውሃ እንፋሎት ስትሆን ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ስለምትፈልግ፣ መውጫ ስታጣ ቻፓቲዋን ለሁለት ሽፋን ከፍላ ትነፋታለች። እንዲህ የተነፋችውን «ፉልካ» ይሏታል፤ ቃሉም የመጣው መነፋትን ከሚናገር ግሥ ነው።

ሦስተኛዋ ተነፋች። መጀመሪያ በአንድ ጎኗ ጉንጭ አወጣች፤ ቀጥሎ አየሩ ወደ ሌላው ጎን ሾለከና ሙሉ ኳስ ሆነች። በመቆንጠጫ ሳነሣት በአንዲት ቀጭን ቀዳዳ ፊሽ ብላ ተነፈሰች፤ እንፋሎቷም አውራ ጣቴን ገረፈኝ። «እይ!» ለማለት ዞር አልኩ። ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ይህ ሐሳብ የመጣብኝ፦ የቻፓቲ ልስላሴ ከሁሉ የሚልቀው ከእሳት በወረደች በሁለት ደቂቃ ውስጥ ነው፤ በእነዚያ ሁለት ደቂቃዎች ደግሞ ጋጋሪው የሚቀጥለዋን እየዳመጠ ነው። እንግዲያው ትኩሷን ማን ይበላታል?

አንቲ ቤት እኔ፣ አብሮኝ የተከራየው የጎንደር ልጅና የአንቲ ባለቤት ጠረጴዛው ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ከመጋረጃው ወዲያ የመዳመጫው ኳኳታ ይሰማል፤ ትንሿ ልጃቸው የተነፋችውን እያፈራረቀች በሁለት እጇ ይዛ ትሮጥና «ኢክ ሆር?» ትለናለች፤ አንድ ልድገም ማለቷ ነው። የእኔ ፑንጃቢ «ባስ» በምትል አንዲት ቃል ላይ የቆመ ነበር፤ በቃኝ ማለት ናት። ይሁን እንጂ ባስ ብቻዋን አታድንም፤ ሳህንን በመዳፍ መሸፈን ያስፈልጋል፤ መዳፍም አያድንም፤ ቻፓቲዋ ጣቶቼ ላይ ትቀመጣለች። «በሞቴ» እየተባለ በጉርሻ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም። የሚገርመኝ ሌላ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ አንቲ አንዲት የተነፋች ቻፓቲ ሲበሉ አላየሁም። እኛ እጃችንን ስንታጠብ መጋረጃውን ገልጠው ይወጡና በጨርቅ ተጠቅልሎ ከተረፈው አንድ ሁለት ያነሣሉ። ያኔ እኔ ያሰብኩት፣ አስቤ ከነበረ፣ ሴትዮዋ ማታ ማታ እንደማይርባቸው ነው።

በዚህ ረገድ እንጀራችን ደግ ናት። በሦስት ቀን አንዴ ትጋገራለች፣ ቀዝቅዛ መሶብ ትገባለች፣ የጋገረቻትም ከሌላው እኩል ማዕድ ልትቀርብ ትችላለች። ትችላለች አልኩ እንጂ ትቀርባለች አላልኩም፤ እናቴ ወጥ እየጨመረች ስንት ጊዜ ቆማ እንደ ዋለች የማውቅ ሰው ነኝ።

መፍትሔ አግኝተውለት ያየሁት አምሪትሳር በተባለችው የፑንጃብ ከተማ ነው። በወርቃማው ቤተ መቅደስ የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች «ላንጋር» በሚሉት ማዕድ፣ ሃይማኖት ሳይለይ በቀን በዐሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰው በነጻ ምግብ ይቀርባል፤ እንግዳው ወለሉ ላይ በረድፍ ተቀምጦ ሮቲውን፣ ማለትም ቻፓቲውን፣ በሁለት መዳፉ ይቀበላል። ማሽን አላቸው፤ በእጃቸው የሚዳምጡና በሰፊ የጋለ ብረት ላይ የሚያገላብጡ በጎ ፈቃደኞችም አሏቸው፤ የደከመው ይነሣና እንደማንኛውም ሰው ከሚቀጥለው ረድፍ ይቀመጣል፤ ሌላው ይተካዋል። እዚያ ለትኩሷ ተራ አላት። በአንቲ ኩሽና ተረኛው ሁልጊዜ አንድ ሰው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1857 መጀመሪያ ላይ፣ በግንቦት በእንግሊዞች አገዛዝ ላይ ያ ታላቅ ዐመፅ ከመፈንዳቱ በፊት፣ በሰሜን ህንድ ቻፓቲ ከመንደር መንደር ሲዞር ነበር። የመንደሩ ዘበኛ ጥቂት ይቀበልና ተጨማሪ ተጋግሮ ለሚቀጥለው መንደር ዘበኛ ይተላለፋል፤ የእንግሊዝ ሹማምንት የምስጢር መልእክት ነው ብለው ተጨነቁ፤ ትርጉሙ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም። ታሪኩን ድሮ ሳነበው የመልእክቱ ነገር ነበር የሚያብሰለስለኝ። ዛሬ የመጣችብኝ ግን ባሏ እኩለ ሌሊት ላይ ቀስቅሶ «ተነሺ፣ አቡኪ» ያላት የዘበኛው ሚስት ናት። አንዲቷን ስንኳ ቀምሳ ይሆን?

እህቴ ከመሄዷ በፊት በዚህ ቤት እንዲህ ያለ ጥያቄ አልነበረም። እዚያች ዱካ ላይ ትቀመጥና ገና ከነበልባሉ እንደ ወረደች ለጋ ቅቤ ቀብታ ትበላታለች፤ ያረረችውን ደግሞ «ይቺ የአንተ ናት» እያለች ወደ ጎን ታስቀምጥልኛለች። ስግብግብ እላት ነበር። አሁን ሳስበው ቻፓቲ በደንቡ የተበላው እሷ ስትበላው ብቻ ነው።

ዛሬ ጋጋሪውም በላተኛውም እኔ ልሆን ሞከርኩ። ሦስተኛዋን ትኩሷን ስበላ አራተኛዋ ከሰለች። አምስተኛዋን እሳቱን አጥፍቼ በላኋት፤ እሳቱ ሲጠፋ መጥበሻው ቀዘቀዘ፤ መጥበሻው ስለ ቀዘቀዘ ስድስተኛዋ እንደ ሁለተኛዋ ሆነች። ሁሉንም የበላሁት ቆሜ ነው።

የአንቲ ቁጥር አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ደውዬ ትኩስ በልተው ያውቁ እንደ ሆነ ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ የእሳቸው እንግሊዝኛ ከእኔ ፑንጃቢ ብዙም አይሻልም፤ እኔ ደግሞ «በቃኝ» ከማለት ሌላ የምለው የለኝም። እሳቸው ግን ድምፄን እንደ ሰሙ የሚሉኝን ዐውቀዋለሁ፤ በልተሃል ወይ ነው የሚሉኝ። «ቆሜ» በፑንጃቢ ምን ይባላል?