ሌሊቱን በበርክሌይ ኮረብታ ላይ

ሐምሌ ላይ ካሊፎርኒያ ይበርዳል ብሎ ያስጠነቀቀኝ የለም። የበርክሌይ ጉም የአዲስ አበባን ክረምት ያስንቃል። ሆቴሉ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኢንተርኔት ላይ ባየሁት ዋጋ ላይ 35 ዶላር «የአገልግሎት» ጨመሩበት። የምን አገልግሎት ስል ዋይፋይ ነው አሉኝ። ዋይፋዩ አይሰራም።

የመጣሁት ለሥራ ነው። ሎውረንስ በርክሌይ ላቦራቶሪ ከተማዋን ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። የቁስን ውስጥ የምናይበት የኤክስሬይ ማሽን ያለው ትልቅ ጉልላት ሥር ነው፤ ጉልላቱ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለፊዚክስ ሊቁ ለኧርነስት ሎውረንስ ሳይክሎትሮን (የአቶም ቅንጣቶችን ለሚያፈጥን ማሽን) የተሠራ ነው። የኤክስሬይ ማሽኑ ቀንና ሌሊት ስለሚሠራ ተጠቃሚው ተራ ይይዛል። ለእኛ የደረሰን ሌሊት ነው።

የያዝነው ፒካ የሚባል የጠፈር መንኮራኩር የሙቀት መከላከያ ነው። የካርቦን ክሮች ላይ ፊኖል ሙጫ ተጨምሮበት ይሠራል። ስታርደስት የምትባለው የናሳ መንኮራኩር ካፕሱል የኮሜት (የጅራታም ኮከብ) ብናኝ ይዛ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ወደ ምድር ስትመለስ በሰከንድ ወደ 13 ኪሎ ሜትር ትምዘገዘግ ነበር። ከመቃጠል ያዳናት ይኸው ፒካ ነው። በእጅ ሲይዙት ግን ክብደት የለውም፤ አብዛኛው ባዶ ቦታ ነው።

ቁራጯን ከጨረሩ ፊት አስቀመጥናት። ቀስ እያለች ስትዞር ምስሉ በመቶዎች ተነሳ፣ ኮምፒውተሩም አንድ ላይ ገጣጠመው። ያኔ ድካሜ ሁሉ ጠፋ። ከፀጉር በብዙ እጥፍ የቀጠኑ ክሮች አውድማ ላይ እንደተበተነ ጭድ ተጋድመዋል። ደግሞ ዝም ብለው አልተበተኑም፤ አብዛኞቹ ወደ ጎን ነው የተኙት። ሙቀት ከላይ ወደ ውስጥ ለመዝለቅ የሚቸገረው አንድም በዚህ ነው። ቀጥሎ እሳት የቀመሰውን ቁራጭ አየን። ላይ ላዩን ያሉት ክሮች ጫፋቸው ሾሎ መርፌ መስሏል። ኦክስጅን በቀዳዳዎቹ ገብቶ ከሥርም በልቷቸዋል። ይሄንን ከውጭ ማን ያየዋል?

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ጨረሩ ተቋረጠ። ከጎናችን የምትሠራ የማላውቃት ሴት ሳንድዊቿን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ሰጠችኝ። ስሜን እንኳ አልጠየቀችኝም። እግዜር ይስጣት!

በማግስቱ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ሐበሻ ምግብ ቤት ገባሁ። አስተናጋጇ ዓይኔን አይታ «ወንድሜ፣ ምነው ቀላ?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ የተቃጠለ ካርቦን ሳይ አደርኩ አልኳት።

«ከሰል ለማየትማ እዚህ ድረስ ምን አስለፋህ?» ብላ ቡና አመጣችልኝ።