ቅዱስ ሚካኤል በካሜልባክ ተራራ ላይ ለወንድሜ ደረሰለት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ወንድሜን ከሞት ቢያወጣልኝ በሰው ፊት እመሰክራለሁ ብዬ ለቅዱስ ሚካኤል ተስዬ ነበርና ስለቴን ላድርስ።

የምኖረው አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ሲያትል፣ ዝናብና ደመና በሚበዛበት አገር ነው ያለው። ባለፈው ግንቦት ሊጠይቀኝ መጣ። ገና በማግሥቱ ካሜልባክን ካልወጣሁ አለ።

ካሜልባክ ከከተማው መሐል ብድግ ያለ ተራራ ነው። እኛ የወጣንበት የኤኮ ካንየን መንገድ መሄጃው ብቻ ቢለካ 2 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን ወደ 400 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ያስወጣል። አንዳንዱ ቦታ ብረት ይዘው ካልሆነ አይወጣም። ከላይ ሆነው ሲያዩት ቤቱም መኪናውም መዋኛ ገንዳውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውን የሚያዘናጋው ይኸው ቅርበቱ ይመስለኛል።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ጀመርን። ውኃ በበቂ ይዘናል፤ ጨው ያለው ብስኩት፣ ባርኔጣ፣ ሙሉ ባትሪ ያለው ስልክ አለን። ማዘጋጃ ቤቱ ከባድ የሙቀት ማስጠንቀቂያ በወጣባቸው ቀናት ይህን መንገድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት ይዘጋዋል። ያን ዕለት ማስጠንቀቂያ አልነበረም። እዚህ አገር ሁሉም የሚፈራው ሐምሌን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የበጋ ወራት የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ለ31 ተከታታይ ቀናት ከ43 ዲግሪ ሴልሺየስ አልወረደም ነበር፤ እሱን ያየ ሰው ግንቦትን ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ጫፍ ላይ ደርሰን፣ ፎቶ ተነሥተን፣ ሳቅ በሳቅ ሆነን መውረድ ጀመርን። መጀመሪያ ዝም አለ። ወንድሜ ደግሞ ዝም የሚል ሰው አይደለም። ቀጥሎ ባቱን ቁርጠት ያዘው። ላቡን ስፈልግ የለም፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ላብ ወዲያው ይተናልና እሱ ብዙም አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ «እማዬ፣ በሩን ዝጊው» ማለቱ ነው። እናታችን ካረፈች ቆይታለች። በር ደግሞ ከየት ይምጣ፣ ዙሪያችን ድንጋይ ነው።

እግሩ ከዳው። ጎትቼ አንድ ትልቅ ቋጥኝ ጥላ ሥር አስገባሁትና 911 ደወልኩ። የተቀበለችኝ ሴት ልብሱን በውኃ አርሺ፣ አናፍሺለት፣ አእምሮውን እስኪያውቅ በአፉ ምንም አትስጪው አለችኝ። ባርኔጣዬን እያራገብኩ አባታችን ሆይን ጀመርኩ፤ ግማሹ ላይ ጠፋኝ። ከዚያ በኋላ ከአፌ የወጣው «ቅዱስ ሚካኤል ድረስልን፣ ድረስልን» ብቻ ነው። የተሳልኩትም ያኔ ነው።

«ድረስልን» እያልኩ ሳለ አንዲት ፈረንጅ ሴትዮ ከላይ ወረደች። ነርስ ነበረች። ቦርሳዋን ስትከፍተው በፍሪዘር ያደረች፣ ድንጋይ የሆነች የውኃ ጠርሙስ፤ አንድ ሳይሆን አራት! አንገቱ ላይ፣ በሁለቱ ብብቱና በጭኖቹ መሐል አደረገችለት። ትልልቆቹ የደም ሥሮች ለቆዳ የሚቀርቡት እዚያ ስለሆነ ደሙን ቶሎ ያቀዘቅዘዋል አለችኝ። ዘወትር የምትወጣው ፒየስቴዋ የተባለውን ሌላ ተራራ ነው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛሬ መኪናዬን ወደዚህ አዞርኩት አለች። እኔ ግን አውቃለሁ።

የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ አንድ ጎማ ያለው ቃሬዛ ይዘው ደረሱ። ያ ሁሉ ቅዝቃዜ ከተደረገለት በኋላ ሲለካ እንኳ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነበር። ሆስፒታል ግሉኮስ ሰቀሉለት፣ ኩላሊቱ ተጎድቶ እንዳይሆን ደሙን ደጋግመው መረመሩ። ሐኪሙ የነገረን፣ ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ አንድ ሁለት ሳምንት እንደሚፈልግ ነው። ውኃ መጠጣት ብቻውን ይህን ልምምድ አይተካም። ከብርድ አገር የመጣ ጎረምሳ፣ ጉልበቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ የአገሩ ሽማግሌ የሚችለውን ሙቀት ላይችል ይችላል። ዛሬ ወንድሜ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ክብር ለእግዚአብሔር ይሁን።

ይህን ስናገር አንድ ወዳጄ «ያዳነው በረዶው ነው እንጂ መልአኩ አይደለም» ብሎኛል። እኔም በረዶው ነው እላለሁ። በዚያች ደቂቃ በረዶውን ወደዚያ ጥላ ሥር ማን እንዳመጣው ነው የምመሰክረው። ደግሞም «ድረስልን» ስል እጄ ማራገቡን አላቆመም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። የደብራችን ወጣቶች ይህን ሰምተው ተደንቀው ሳያበቁ፣ በሰኔ ጾም ከቅዳሴ ወጥተው ተራራ ለመሄድ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ውኃ ሳይቀምሱ፣ በቀትር! ሮጬ ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። እሳቸውም ሰብስበው ከለከሏቸው። ከልጆቹ አንዱ አኩርፎ «ታዲያ መቼ እንውጣ?» አለኝ። ለኅዳር ቀጠርኩት፤ ያኔ ፊኒክስ ላይ ጠዋቱ ይበርዳል። ከኅዳር ሚካኤል በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ አብረን እንወጣለን። ወንድሜም ትኬቱን ቆርጧል፤ ነርሷም እመጣለሁ ብላለች።