የመሸሃ ቁልቁለት፦ ራስ ደጀንን ከመውጣቴ በፊት ማንም ያልነገረኝ

ራስ ደጀንን የሞከርኩት ሁለት ጊዜ ነው። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከግርጌው ተመለስኩ፤ በ2011 ጥቅምት ወጣሁት። በሁለቱም ጊዜ ጉልበቴ ያው ነበር። ልቤን ያዘጋጀሁበት መንገድ ግን ተለይቷል፤ ያኔ የሚያስጠነቅቀኝ ሰው ባገኝ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ ባልተቆጨሁ ነበር።

የመነሻው ጣጣ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ደባርቅ ላይ በፓርኩ ጽሕፈት ቤት መመዝገብና መክፈል፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት (የጉዞ አጃቢ) መያዝ፣ በቅሎ ከነባለቤቱ መከራየት፣ ስንቅ መሸመት፤ አለቀ። ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ የሚታደርባቸው የመጀመሪያዎቹ ቀናትም ጤነኛ ለሆነ ሰው የሚከብዱ አይደሉም። ጭላዳዎች ሣር እየነጩ በአጠገብዎ ያልፋሉ፤ እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ 3,926 ሜትር ከፍታ ላይ ቆመው ገደሉን ቁልቁል ያያሉ፤ ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ወፍራም ልብስ ይያዙ።

ነገሩ የተበላሸው ከጨነቅ በኋላ ነው።

ጉዞውን ያዘጋጀልኝ ድርጅት ሠራተኛ የሰጠኝ ወረቀት ለዚያ ቀን አንድ መስመር ብቻ ነበረው፤ «ከጨነቅ እስከ አምቢቆ፣ የስምንት ሰዓት መንገድ»። አምቢቆ ከራስ ደጀን ግርጌ ያለች የማደሪያ መንደር ናት። ምክሩም ሩጪ፣ ደረጃ ውጪ፣ ውኃ ጠጪ የሚል ነበር። ሁሉንም ፈጸምኩ። አራት ወር ሙሉ በየቅዳሜው ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣሁ፤ ወርጄም ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ከጨነቅ ማለዳ ተነሥተን በቧሂት ተራራ በኩል ያለውን መተላለፊያ ስንደርስ ከፍታው 4,200 ሜትር ገደማ ነበር። ከማዶ ራስ ደጀን ታየኝ። «ዳገቱን ጨረስኩት፤ አሁን መሻገር ብቻ ነው» አልኩ። ወዲያው መሬቱ ከእግሬ ሥር ወደ ታች ሄደ። ለሰዓታት ወረድን። የገብስ ማሳዎች መጡ፣ መንደር መጣ፣ ሙቀት መጣ፤ እኛ አሁንም እንወርዳለን። በላብ ያገኘሁት ከፍታ በእያንዳንዱ እርምጃ ከእጄ ሲወጣ ይሰማኝ ነበር። መሸሃ ወንዝ ስንደርስ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነበርን። 1,400 ሜትር መልሼ አስረክቤ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ትንፋሼም ደኅና ነበር። የከዳኝ ሒሳቤ ነው። ከዚያ ወንዝ እስከ ጫፉ 1,750 ሜትር ይቀራል፤ ስመለስ ደግሞ ይህ ቁልቁለት በሙሉ ዳገት ይሆናል። ስካውቱ አዘኑልኝ። «አይዞሽ ልጄ፣ አምቢቆ ከዚህች ኮረብታ ማዶ ናት» አሉኝ። ከኮረብታዋ ማዶ ሌላ ኮረብታ ነበር። «ደረስን» የሚለውን ቃል ለሦስተኛ ጊዜ ስሰማ እርሳቸውንም መንገዱንም ማመን አቆምኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለመጨረሻው ዳገት ሲቀሰቅሱኝ «አልሄድም» አልኩ። ከድንኳኔ ሆኜ የሌሎች ተጓዦች ባትሪ በጨለማው ውስጥ ወደ ላይ ሲያዘግም አየሁ። አዲስ አበባ ስገባ ለጠየቀኝ ሁሉ ከፍታው አሞኝ እንደተመለስኩ ተናገርኩ። አሞኝ አልነበረም። ያንን ውሸት ሳስበው ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

ሠራተኛውን ደውዬ ጠየቅኩት። መንገዱን ደጋግሞ የሄደበት ሰው ነው። «ብነግርሽ ትፈሪ ነበር» አለኝ። ፍርሃቱንማ ቤቴ ሆኜ፣ ጊዜ ሳለኝ ብፈራው ይሻለኝ ነበር! የመፍራት ዕድሌን ነው የነፈገኝ።

በሁለተኛው ዓመት ልምምዴን ለወጥኩ። ከእንጦጦ ወርጄ ሽሮ ሜዳ ስደርስ፣ የቡና ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባና የታክሲው ረዳት ሲጣራ፣ ፊቴን አዙሬ እንደገና እወጣለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ተመለስኩ። በስድስተኛው ግን «ጨረስኩ» ካልኩ በኋላ መጀመር እንደሚቻል ሰውነቴም ልቤም ለመደው። ከሩጫውና ከደረጃው ሁሉ የጠቀመኝ ይህ ነው።

«የሚቀጥለውን እርምጃ ብቻ አስቢ» የሚለውን ምክር አልቀበለውም። ሙሉውን አስቀድመው ይወቁት፤ ርቀቱንም በሰዓት ሳይሆን በሜትር ይጠይቁ፤ ስንት ወደ ላይ፣ ስንት ወደ ታች፣ ስንት ደግሞ እንደገና ወደ ላይ። ከስካውትዎም ጋር ደባርቅ ላይ ይነጋገሩ። እኔ «ጋሼ፣ ቢቀርም ቀርቷል ይበሉኝ፤ ለማጽናናት ብለው ደረስን እንዳይሉኝ» ብያቸው ነበር። ገርሟቸው ሳቁ፤ ቃላቸውን ግን ጠበቁ። አንድ ነገር ግን ከልብ ጽናት ጋር አይደባለቅ፦ ከፍታ ላይ ራስ ምታቱ ከማስታወክ ወይም ከመንገዳገድ ጋር ከመጣ መፍትሔው መጽናት አይደለም፤ ሳይዘገዩ መውረድ ነው።

በ2011 መሸሃ ስንደርስ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ታጠብኩ፤ ከስካውቱ ጋር ቆሎ ቆረጠምን። «ስንት ይቀራል ጋሼ?» አልኳቸው።

«ብዙ» አሉኝ።

ጫማዬን አሰርኩና ተነሣሁ።