ባቡር ላይ ማደር፦ በወንበር ጀምሬ አልጋ መምረጥ እስክማር ድረስ

መጀመሪያ የሌሊት ባቡር የያዝኩ ጊዜ የቆረጥኩት የወንበር ትኬት ነበር። መንገዱ 14 ሰዓት ነው፣ እኔ ደሞ አውቶቡስ ላይ ቁጭ ብዬ ማደር የለመድኩ ሰው ነኝ፣ ባቡር ደሞ ከአውቶቡስ ይሰፋል ምን ይሆናል ብዬ የአልጋውን ዋጋ ሳይ ልዩነቱን ለሌላ ነገር አደርገዋለሁ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ መብራቱ አልጠፋም። በየጣቢያው በር ይከፈታል ብርድ ይገባል፣ ሰው ይወርዳል ሌላው ይሳፈራል፣ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ትኬት ተቆጣጣሪው ይመላለሳል፣ ራሴን መስኮቱ ላይ አስደግፌ አንድ ሰዓት ያህል ሸለብ ቢያደርገኝ ነው። በማግስቱ ከተማውን አያለሁ ብዬ ያሰብኩበትን ቀን እንዳለ ተኝቼ አሳለፍኩት። ከዛ በኋላ አራት ጊዜ ሄጃለሁ አራቱንም በአልጋ፣ እና ከ8 ሰዓት በላይ የሚሆን የሌሊት መንገድ ላለው ሰው የምለው አንድ ነው፣ ከሌላ ነገር ቀንሱና አልጋ ያዙ።

ግን አልጋ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም፣ ስሙም ከአገር አገር ይለያያል። አውሮፓ ውስጥ ኩሼት የሚሉት 4 ወይም 6 ሰው አንድ ክፍል ውስጥ የሚተኛበት ነው፣ ቀን ወንበር የነበረው ማታ ይዘረጋና አልጋ ይሆናል። እዛው አውሮፓ ስሊፐር ካሉ ግን ከ1 እስከ 3 ሰው የሚይዝ የተሻለ ፍራሽና የእጅ መታጠቢያ ያለው ክፍል ነው። ህንድ ስትሄዱ ያው ስሊፐር የሚለው ቃል ኤሲ የሌለውን፣ አንሶላና ብርድ ልብስ የማይሰጥበትን ርካሹን ፉርጎ ነው የሚያመለክተው። ሩሲያ ፕላትስካርት የሚሉት በር የሌለው ክፍት ፉርጎ ነው፣ 54 አልጋ አለው፣ ኩፔ የሚባለው ደሞ በር የሚዘጋ ባለ 4 አልጋ። ቻይና ሃርድ ስሊፐር የሚለው ስም ያስደነግጣል እንጂ ፍራሽ አለው፣ በር የሌለው ባለ 6 አልጋ ነው። ስለዚህ ስሙን ተዉትና ከመክፈላችሁ በፊት ስንት ሰው ነው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፋል ወይ፣ አንሶላ ይሰጣል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ሴት ብቻዋን የምትሄድ ከሆነ የሴቶች ብቻ ክፍል አለ ወይ ማለትም ያስፈልጋል፣ በብዙ ቦታ እንደዚህ ያለ ክፍል አለ ግን ካልጠየቁ አይነግሩም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ የአልጋ ቦታ። ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ አልጋ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ከዛ አልጋዬ የፉርጎው ጫፍ ላይ ሆነ፣ ከላይ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ። ጠዋት ወገቤን ይዤ ነው የተነሳሁት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። የፉርጎው ጎማዎች ያሉት በሁለቱ ጫፍ አካባቢ ነው፣ መሀሉ ላይ ጎማ የለም፣ ስለዚህ ጫፍ ላይ የተኛ ሰው በቀጥታ ጎማ ላይ ነው የሚተኛው፣ ንዝረቱም ድምፁም እሱ ጋ ይበረታል። በዛ ላይ ጫፍ ማለት በር ማለት ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው የሚገባው የሚወጣው በዛ ነው፣ ሽንት ቤት የሚሄደውም እንደዛው፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርሃንና ጠረን ይመጣል። ከፍታውም ለውጥ አለው፣ ባቡር ወደ ጎን ሲወዛወዝ እላይ ያለው ከታች ካለው ይልቅ ብዙ ርቀት ነው የሚወዛወዘው፣ ዛፍ ጫፍ ላይ እንዳለ ቅርንጫፍ በሉት። እላይ ደሞ ሙቀት ይጠራቀማል፣ ወይ ኤሲው በቀጥታ ፊታችሁ ላይ ይነፍሳል፣ አንዱ አይቀርም።

የታችኛውም የራሱ ጣጣ አለው፣ ቀን ላይ ሁሉም ሰው የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው፣ ሌሎቹ ካልተነሱ መተኛት አትችሉም፣ ህንድ ውስጥ እንደውም የመካከለኛው አልጋ ከማታ 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12 ሰዓት ብቻ ነው የሚዘረጋው የሚል ህግ አለ፣ ከዛ ውጪ ታጥፎ የታችኛው ለሁሉም መቀመጫ ይሆናል። በጊዜ መተኛት የሚፈልግ ሰው የላይኛው ይሻለዋል፣ ማንም አያስነሳውም። ሽማግሌ፣ እርጉዝ፣ ጉልበቱን የሚያመው፣ ሌሊት ሽንት የሚመላለስ ሰው ታችኛውን ይያዝ፣ መሰላሉ ቀጭን ነው በጨለማ ደሞ ያሰጋል። እኔ አሁን የምፈልገው የፉርጎው መሀል፣ የታችኛው አልጋ ነው፣ ካልተገኘ መሀል ሆኖ የላይኛው። የፉርጎ ካርታ የሚያሳይ ሲስተም ካለ ቁጥሩን አይታችሁ ምረጡ፣ ከሌለ ትኬት መሸጫው መስኮት ላይ ያለውን ሰው መሀል ስጠኝ በሉት፣ እኔ ሁለቴ ጠይቄ ሁለቴም ሰጥተውኛል።

ስለ ትኬት ካነሳሁ አንድ ያስለቀሰኝን ልናገር። ትኬቱ ማክሰኞ 00:20 ይላል። እኔ ማክሰኞ ማታ ሻንጣዬን ጎትቼ ጣቢያ ደረስኩ፣ ባቡሩ ግን የሄደው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ነው፣ ማለትም ሰኞ እራት በልቼ ጣቢያ መገኘት ነበረብኝ። በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት፣ እኛ ደሞ ያንን ሰዓት የምንቆጥረው ካለፈው ማታ ጋር ስለሆነ በጣም ያሳስታል። ገንዘቡም አልተመለሰም። አሁን ከ00:00 እስከ 05:00 የሚል ትኬት ካየሁ ካላንደሬ ላይ የምፅፈው ባለፈው ቀን ማታ ነው። ደሞ ፉርጎ ቁጥሩን በደንብ እዩት፣ አንዳንድ የሌሊት ባቡር መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ ፉርጎ ወደ አንድ ከተማ ግማሹ ወደ ሌላ ይሄዳል፣ ናይትጄት የሚባሉት የኦስትሪያ የሌሊት ባቡሮች ሌሊት እንደዚህ ሲገጣጠሙና ሲለያዩ ነው የሚያድሩት። ትክክለኛው ባቡር ውስጥ ሆናችሁ የተሳሳተ ፉርጎ ውስጥ ከተኛችሁ ሌላ ከተማ ትነቃላችሁ።

ሻንጣ ላይ የተማርኩት ቀላል ነው ግን ሌሊቱን የቀየረልኝ እሱ ነው። ሁለት አድርጉት፣ ትልቁ አልጋ ስር ይገባል እስከ ጠዋት አይከፈትም፣ ትንሿ ቦርሳ ራስጌ ትሆናለች። መብራት ከጠፋ በኋላ ሰው በተኛበት ዚፕ መክፈት፣ ፌስታል ማንኳኳት፣ የስልክ ባትሪ አብርቶ ካልሲ መፈለግ ክፍሉን በሙሉ መቀስቀስ ነው፣ ስለዚህ ሌሊት የሚያስፈልገኝን ሁሉ ገና ስገባ አወጣዋለሁ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ሶፍት፣ ውሃ፣ ካልሲ፣ ቀጭን ሹራብ፣ የጆሮ መድፈኛ፣ የዓይን መሸፈኛ፣ ፓወር ባንክ። ሶኬት አለ ቢባልም አትመኑ፣ አለ ግን ኮሪደር ላይ ነው፣ ወይ አንድ ሶኬት ለስድስት ሰው ነው። ውሃው ክዳኑ የሚጠብቅ ይሁን፣ ባቡሩ ሌሊት ቆሞ ሎኮሞቲቭ ሲቀየር ወይ ፉርጎ ሲቀጠልበት ጓ ብሎ ይነቀንቃችኋል፣ የአንድ አብሮኝ የነበረ ሰው ሻይ እንዳለ ፍራሹ ላይ የፈሰሰው እንደዛ ነው። ነጠላ ጫማ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል፣ በጨለማ ከአልጋ ወርዳችሁ የጫማ ማሰሪያ ማሰር አይሆንም፣ የሽንት ቤቱ ወለል ደሞ በባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም።

ሽንት ቤት በማታው ደህና ነው፣ ጠዋት ግን ሶፍት ያልቃል፣ ውሃም ሊያልቅ ይችላል፣ ሰልፍም አለ። ሁሉም ሰው ከመድረሻው አንድ ሰዓት በፊት ነው የሚነሳው፣ ከነሱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተነሱ። የድሮ ፉርጎ ከሆነ ሽንት ቤቱ በቀጥታ ሐዲዱ ላይ ነው የሚፈሰው፣ ለዛ ነው ጣቢያ ላይ ሲቆም መጠቀም የሚከለከለው፣ አንዳንድ ቦታ ሰራተኛው ራሱ ይቆልፈዋል።

ስለ ሌባ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። እኔ ምንም ጠፍቶብኝ አያውቅም ግን ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ሰውነቴ ላይ አስሬ ነው የምተኛው፣ የትንሿ ቦርሳ ማንገቻ ክንዴ ላይ ይጠመጠማል፣ ትልቁ ሻንጣ አልጋ ስር ካለው ብረት ጋር በቁልፍ ይታሰራል። በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ባቡሩ ሊነሳ ሲል ነው፣ የሚነጥቅ ሰው ነጥቆ የሚወርደው ያኔ ነው፣ ስለዚህ ጣቢያ ላይ ሲቆም ስልክ መስኮትና በር አጠገብ አትያዙ። ከክፍል ጓደኞቻችሁ ጋር ደሞ ገና ስትገቡ ሰላም ተባባሉ፣ የት እንደምትወርዱ ንገሯቸው። አንድ እናት የኔ ጣቢያ ሲደርስ ልጄ ተነሺ ብለው እግሬን ነክተው ቀስቅሰውኛል፣ ቋንቋቸውን በግማሽ ነው የምሰማው፣ እስከዛሬ አልረሳቸውም።

እንቅልፍ ላይ ብዙ አትጠብቁ፣ አምስት ስድስት ሰዓት ተቆራርጦ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። መንቀጥቀጡን ሰው ይለምደዋል፣ እንደውም ያስተኛል፣ የሚቀሰቅሰው ዝምታው ነው። ባቡሩ መሀል ሜዳ ላይ ቀጥ ይላል፣ ድምፅ የለም፣ ሰው ተበላሸ እንዴ ብሎ ይነቃል። ብዙ ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፣ ነጠላ ሐዲድ ከሆነ ከፊት የሚመጣውን ማሳለፍ አለበት፣ ሹፌር ይቀየራል፣ ደሞ አንዳንዱ ባቡር ሆን ተብሎ ነው የሚዘገየው፣ በሙሉ ፍጥነት ቢሄድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያደርሳችኋልና ሰው በሚነሳበት ሰዓት እንዲገባ ፕሮግራሙ ላይ ጊዜ ይጨመርበታል። ድንበር የሚሻገር ከሆነ ግን ፖሊስ መብራት አብርቶ ፓስፖርት ሊጠይቅ ይችላል፣ አንዳንድ ባቡር ላይ የፉርጎው አስተናጋጅ ማታ ሰብስቦ ይይዘውና ጠዋት ይመልሳል፣ የተለመደ ነው አትደንግጡ፣ ዩኒፎርሙን ግን እዩ።

መውረጃችሁ የመጨረሻው ጣቢያ ካልሆነ የፉርጎውን ሰራተኛ ቀስቅሰኝ በሉት፣ አላርምም ሙሉ፣ እሱ ብቻውን ግን አይበቃም ምክንያቱም ባቡሩ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፣ ነቅታችሁ የት እንዳላችሁ ለማወቅ ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ካርታ ቀድማችሁ ዳውንሎድ አድርጉ፣ መንገድ ላይ ኔትዎርክ ይጠፋል፣ ጂፒኤስ ግን መስኮት አጠገብ ይሰራል። መዘግየቱን አስባችሁ በዛው ጠዋት ቀጠሮም በረራም አትያዙ፣ እኔ አሁን ቢያንስ አራት ሰዓት ክፍተት እተዋለሁ። ሆቴል ብዙ ጊዜ ክፍል የሚሰጠው ከሰዓት ነው፣ እናንተ ግን ሳትታጠቡ በጠዋት ትደርሳላችሁ፣ ስለዚህ ቀድማችሁ ደውላችሁ ሻንጣ ትይዙልኛላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነ ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ የሻንጣ ማስቀመጫ አለ፣ እሱ ውስጥ ትከቱና ፊታችሁን ተጣጥባችሁ ወጣ ትላላችሁ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሰዓታት መሬቱ የሚወዛወዝ ይመስላችኋል፣ እኔ ጋ እስከ ከሰዓት ይቆያል፣ ተኝቼ ስነሳ ነው የሚለቀኝ።