እቁባችን የገዛው ያላለቀ ጌም

የእቁቡ ዳኛ ያደረጉኝ ለገንዘብ ታማኝ ነው ብለው አይደለም። ጌሙን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ ጣጣውንም ይሸከም ብለው ነው።

አራት ነን። እኔ ሂርማታ አካባቢ ሞባይልና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የአክስቴ ልጅ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ሦስተኛው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ሶፍትዌር ይማራል፤ አራተኛው አጂፕ ጋ ተራ የሚጠብቅ ባጃጅ ነጂ ነው። ማታ እኛ ቤት እንሰበሰብና እናቴ ቡና ስታፈላ ላፕቶፖቻችንን ጉልበታችን ላይ ዘርግተን እንጫወታለን። የጅማ ክረምት ደግሞ ከቤት አያስወጣም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲያወርደው አጠገብህ ያለውን ሰው ጮኸህ ነው የምታናግረው።

ጌሙ አራት ሰዎች ደሴት ላይ ወድቀው መንደር የሚሠሩበት ነው። አብሮ ለመጫወት እያንዳንዱ የራሱን መግዛት አለበት፤ ዋጋው 20 ዶላር። ከአራታችን በዶላር የሚከፍል የባንክ ካርድ ያለው የለም። ስለዚህ የስቲም (ጌሙ የሚሸጥበት የኢንተርኔት ሱቅ) ካርድ ቁጥር ከሚሸጥ ልጅ ላይ በቴሌብር እንገዛለን፤ ያን ጊዜ ወደ 2,500 ብር ይጠይቅ ነበር። በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ስለሌለ እቁብ ገባን፦ በየ15 ቀኑ ሰው 650 ብር ይጥላል፣ ዕጣ የወጣለት ይገዛል።

ጌሙ «ኧርሊ አክሰስ» ነበር። ሠሪዎቹ ሳይጨርሱት ለሽያጭ ያቀርቡታል፤ በሚያገኙት ገንዘብና በተጫዋቹ አስተያየት እየታገዙ ይጨርሱታል ነው ነገሩ። ስቲም ይህን በር የከፈተው በ2013 በፈረንጆቹ ነው። ጓደኞቼን ለማሳመን የያዝኩት ማስረጃ እንከን አልነበረውም። ማይንክራፍት ከ2009 ጀምሮ ሳያልቅ ተሸጦ በ2011 ኅዳር አልቋል አልኳቸው። ባልዱርስ ጌት 3 በጥቅምት 2020 ጎዶሎውን ወጥቶ በነሐሴ 2023 ሙሉ ሆኗል አልኳቸው። የኪቶ ፉርዲሳው ልጅ ሳቀብኝ። «‹ዘ ዴይ ቢፎር›ስ? ታኅሣሥ 7 ቀን 2023 ወጣ፣ በአራተኛው ቀን ድርጅቱ ራሱ ልዘጋ ነው አለ። ‹ዴይዚ›ስ? አምስት ዓመት ሙሉ ነው ያላለቀ ሆኖ የተሸጠው።» እነዚያ ሌላ ናቸው ብዬ አለፍኩት። ለምን ሌላ እንደሆኑ አልጠየቀኝም፤ ቢጠይቀኝም መልስ አልነበረኝም።

እውነቱን ለመናገር ያሸነፈኝ አንድ ሥዕል ነው። ሠሪዎቹ ወደፊት የሚጨምሩትን ነገር የደረደሩበት ሥዕል፦ ድልድይ፣ ጀልባ፣ ሁለተኛ ደሴት፤ ከሥሩ «በቅርቡ» የሚል። ከመግዣው ቁልፍ በላይ ደግሞ ጌሙ እንዳላለቀ፣ ወደፊት ሊለወጥም ላይለወጥም እንደሚችል፣ አሁን ባለበት ካላስደሰተህ ቆይተህ እንድታየው የሚመክር ጽሑፍ አለ። አላነበብኩትም። ስቲም ራሱ ሠሪዎችን በወደፊት ተስፋ አትሽጡ እንደሚላቸው ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ዕጣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 8 ቀን 2016 ለተማሪው ወጣ። ሰኔ 23 ለአክስቴ ልጅ፣ ሐምሌ 8 ለእኔ። ባጃጅ ነጂው የመጨረሻ ሆነ፤ ሐምሌ 23። እዚህ ላይ ነው ሒሳቡን ያልሠራሁት። ስቲም ላይ የገዛኸው ካልተመቸህ ገንዘብህን የምትጠይቀው በ14 ቀን ውስጥ፣ ያውም ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወትክ ነው። የእኛ እቁብ በ15 ቀን ነው የሚዞረው። በአንድ ቀን ተበለጥን! ሁለተኛው ሰው ገዝቶ ሳይገባ የመጀመሪያው በር ተዘግቷል፤ አራታችን አብረን ሞክረን «ይሆነናል፣ አይሆነንም» የምንልበት ቀን ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ሌላም አለ። ሐምሌ 22፣ ሰኞ፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። ካርድ ሻጩ ድሮም በባንክ ዋጋ ሸጦ አያውቅም፤ ግን በማግስቱ ስደውልለት «ወንድሜ፣ ዜና አትሰማም እንዴ?» አለኝና 3,100 ጠራ። የእቁቡ ገንዘብ 2,600 ነው። የጎደለውን 500 ብር ባጃጅ ነጂው ከዕለት ገቢው ሞላ። ዳኛው እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ።

ጌሙ 18 ጊጋ ነው። ለአራት ሰው አራት ጊዜ ማውረድ ጥቅል መጨረስ ስለሆነ ተማሪው ብቻ ሌሊት አወረደው፤ እኛ ስንገዛ ስቲም ላይ ባለው በአንድ ዋይፋይ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የማስተላለፊያ ምርጫ ከእሱ ተቀበልን። ከዚህ ሁሉ ጣጣ እንደታሰበው የሄደው ይኼ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለፉት ሁለት ሳምንታት፣ አልዋሽም፣ ደስ ይሉ ነበር። የአክስቴ ልጅ የመንደሩን መጋዘን እንደ ፋርማሲ መደርደሪያ በየዓይነቱ አሰናዳችው። ተማሪው ወንዝ ገደበ። ባጃጅ ነጂው ቤት እንኳ አልሠራም፤ መንገድ ነው የሠራው። ደሴቷን ዙሪያዋን በድንጋይ ንጣፍ፣ መታጠፊያው ሳይቀር ተለክቶ። «እዚህ ጉድጓድ የለም» እያለ ይስቃል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አፕዴት መጣ። የጌሙ ዓለማችን፣ ማለትም የሠራነው መንደር ሁሉ፣ የሚቀመጠው እኔ ላፕቶፕ ላይ ነበር፤ ከፈትኩት፣ ጥቁር ሆነ። እንደገና ከፈትኩት፣ ይህ ዓለም ከአዲሱ እትም ጋር አይሄድም የሚል ጽሑፍ አወጣ። ማንም አልተናገረም፤ ቆርቆሮው ብቻ ነው የሚሰማው። ባጃጅ ነጂው ላፕቶፑን አጠፈና «ነገ በጠዋት ተራ አለብኝ» ብሎ ወጣ። ቡናው ገና ቶና ነበር። እናቴ ሰው ከቶና ሲነሳ አይታ አታውቅም፤ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። «ታዲያ ጣሪያ ያልለበሰ ቤት ገብታችሁ ዝናብ መታን ትላላችሁ?» አለችኝ። ሰው ኮንዶሚኒየም ሳያልቅ ይረከብ የለም ወይ ብዬ ተከራከርኳት። «ይረከባል፤ ግን ምን እንደጎደለው ቆጥሮ ነው» አለች።

ያን ሌሊት ስለ ጌሙ የጻፍኩት ሪቪው፣ የገዢ አስተያየት ማለት ነው፣ ስድብ ብቻ ነበር። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ነው መሰለኝ በእንግሊዝኛ ጻፍኩት፣ ሁሉንም በትልልቁ። በጠዋት ተማሪው አነበበውና «ይኼ ምን ይጠቅማቸዋል?» አለኝ። ሊያናድደኝ ነበር፤ ሱቅ ገብቼ ሥራ ስጀምር ግን የመጀመሪያው ደንበኛ ስልኩን ወርውሮልኝ «አይሠራም» አለኝ። ወድቆ ነው? ውኃ ነክቶታል? ቻርጅ ላይ ነበር? «አይሠራም አልኩህ እኮ!» በቀን አሥር ጊዜ የሚያቃጥለኝን ነገር ነው ሌሊቱን ለሰው የላክሁት።

ስድቡን አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ። ከየትኛው እትም ወደ የትኛው እንደተሻገርን፣ ላፕቶፔ ምን እንደሆነ፣ ምን ጫንኩ፣ ምን አየሁ፣ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ዓለሙ የተቀመጠበትን ፋይልና ጌሙ ሲወድቅ የሚጽፈውን መዝገብ አያይዤ ለሠሪዎቹ ላክሁ። በዘጠነኛው ቀን ሁለት መስመር መልስ መጣ። ችግሩን ያውቁታል፤ የተበላሸው አይመለስም፤ የድሮው እትም ግን ስቲም ላይ የጌሙ ማስተካከያ ውስጥ «ቤታስ» በሚለው ሥር ስላለ ወደዚያ መመለስ ይቻላል። ተመለስን። ግን አዲሱ እትም ፋይሉን ገና ስከፍተው በላዩ ጽፎበታል፤ መጠባበቂያ ነው ብዬ የተማመንኩበት ክላውድም፣ ኢንተርኔት ላይ የሚቀመጠው ቅጂ፣ የተበላሸውን ተቀብሎ ጤነኛውን ጥሎታል። ክላውድ የሰጠኸውን ነው የሚይዘው፤ ደህናውን ከበሽተኛው አይለይም።

ያዳነን የተማሪው ፍላሽ ነው። ለሌላ ጉዳይ አንድ ቀን ፎልደሩን ገልብጦ ኖሯል፤ አፕዴቱ ከመምጣቱ 12 ቀን በፊት የነበረውን። ጫንነው፣ ተከፈተ። መጋዘኑ አለ። ግድቡ ግማሹ አለ። ባጃጅ ነጂውን ጠርተን አመጣነው፤ ገጸ ባሕርዩን ይዞ ወጣና ዙሪያውን አየ። «መንገዱ የለም» አለ። እውነትም አልነበረም፤ ያ ፎልደር ሲገለበጥ ገና ድንጋይ እየሰበሰበ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከመክፈታችን በፊት ፎልደሩን ቀኑን ጽፌ ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። አፕዴቱንም ስከፍተው ብቻ እንዲወርድ አድርጌዋለሁ፤ ሌሎች ምን ሆኑ ብዬ ሳላይ ከሆነም ስቲምን ኦፍላይን አድርጌ፣ ከኢንተርኔት ነጥዬ፣ ነው የምገባው። ዓለሙን የያዘው ሰው ይህን ካደረገ በቂ ነው።

መንደሯን ግን እንደ በፊቱ አልሠራንባትም። ድልድዩ በጥቅምት መጣ፣ ደህና ነው። ታኅሣሥ 2017 ላይ አንድ ትንሽ አፕዴት መጣ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። ጀልባው የለም፣ ሁለተኛው ደሴት የለም፣ ሥዕሉንም ከገጹ አንስተውታል። ስቲም ከ2017 ወዲህ ከዓመት በላይ ያልታደሰ ኧርሊ አክሰስ ጌም ላይ ማስታወሻ ይለጥፋል፤ በቅርቡ ገጹን ስከፍት የእኛም ላይ ተለጥፎበታል። ሠሪዎቹን አጭበርባሪ ለማለት አልደፍርም። ሦስት ሰው ይሁኑ፣ ገንዘብ ይለቅባቸው፣ ከእኔ ሱቅ ሆኜ አይታየኝም። እኔ ግን ለጓደኞቼ የሸጥኩላቸው ሥዕሉን ነው፤ ያንን ያደረጉት እነሱ አይደሉም።

ለባጃጅ ነጂው 500 ብሩን መለስኩ። አልቀበልም ብሎ ብዙ አንገራገረኝ፤ በኋላ ሁለተኛውን እቁብ ስንጀምር የመጀመሪያ መዋጮው አድርጎ ጣለው። የአሁኑ እቁብ ዕጣ የለውም። የአክስቴ ልጅ «እንዲህማ እቁብ አይባልም፣ ቁጠባ ነው» ትላለች፣ ልክ ነች። ገንዘቡ እስኪሞላ ባንክ ይቀመጣል፤ አራቱም በአንድ ቀን ይገዛሉ፤ ከመግዛታችን በፊት የመጨረሻው አፕዴት የወጣበትን ቀንና የዚያን ወር ሪቪዎች ተማሪው ያነባል። እኔ ሥዕል እንዳሳይ አይፈቀድልኝም። ከዚያ በዚያው ማታ አራታችንም እንከፍታለን። ሰዓቱን የምትይዘው እናቴ ነች፤ አቦል ሲቀዳ እንጀምራለን፣ በረካ ላይ ሰዓቱን አይተን እንወስናለን። በእሷ አፈላል ሁለት ሰዓት አይሞላም። ይህንን በየሳምንቱ ማድረግ አይቻልም፤ ስቲም ሪፈንድ (ገንዘብ መመለስ) ለነፃ መሞከሪያ አይደለም፣ ያበዛን ሰው ልከለክል እችላለሁ ይላል። እኛ ግን ብር የምንሞላው በስንት ወር አንዴ ስለሆነ አያሰጋንም።

በዚህ መንገድ የገዛነው የመጀመሪያው ጌም የእርሻ ነበር፤ እሱም ያላለቀ። በረካ ሲቀዳ የተጫወትንበት ጊዜ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይላል። በሬዎቹ ያምራሉ፣ ዝናቡ ያምራል፣ የአክስቴ ልጅ ጎተራውን መደርደር ጀምራለች። ባጃጅ ነጂው ስኒውን ይዞ ዝርዝሩን ወደላይ ወደታች ሲያይ ቆየ።

«መንገድ መሥራት አይቻልም?»

ተማሪው አነበበ። «በሚቀጥለው አፕዴት ይላል።»

«እንግዲያው መልሱት።»

አራታችንም ሪፈንድ ጠየቅን። የገዛነው በካርድ ስለሆነ ገንዘቡ ስቲም ላይ ወዳለው ቦርሳችን (ዋሌት) ተመለሰ፤ እስካሁን እዚያው ተቀምጧል።