ፈረሱን ከመውቀስ በፊት የገባበትን ውድድር ማየት

የምሠራው ዱባይ ውስጥ፣ አንድ አነስተኛ የጌም ድርጅት ውስጥ ነው። ቴስተር ነኝ። ሌሎች የሠሩትን ጌም ከመውጣቱ በፊት እየተጫወትኩ ችግሩን እፈልጋለሁ።

ያኔ እጃችን ላይ የነበረው የፈረስ እሽቅድምድም ጌም ነው። ተጫዋቹ አይጋልብም። ፈረስ ይገዛል፣ ያሠለጥናል፣ ከዚያ በየሳምንቱ የትኛው ውድድር ላይ እንደሚያስመዘግበው ይወስናል። የጌሙ ልብ እዚህ ውሳኔ ላይ ነው። የዱባይ የዓለም ዋንጫ የሚባለው ትልቅ የፈረስ ውድድር ማርች መጨረሻ ላይ ስለሚካሄድ፣ አለቃችን ጌሙ ከዚያ በፊት እንዲወጣ ቸኩሏል።

ለሙከራ ከሰጠናቸው ተጫዋቾች አንዱ የጻፈው ቅሬታ ቢሮውን አመሰው። «በውድ የገዛሁት ፈረስ አያሸንፍም፤ ጌማችሁ የተበላሸ ነው» ይላል። አየነው። እውነትም የፈረሱ የፍጥነት ቁጥር በጋጣው ካሉት ሁሉ ይበልጣል። ውጤቱ ግን ዘጠነኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ እንደገና ዘጠነኛ። አለቃችን ስብሰባ ጠርቶ «ፍጥነቱን ጨምሩለትና እንገላገል» አለ። ፕሮግራመሩ ፋይሉን ከፍቶ ቁጥሩን ለመቀየር ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ አንድ ቀን ስጡኝ አልኩ። ያለ ምክንያት የተቀየረ ቁጥር ቆይቶ ሌላ ቦታ ላይ ችግር ይዞ ይመጣል።

የፈረሱን የምዝገባ ታሪክ ከፈትኩ። ፈረሱ የተሠራው ለአፈር መም ነው። የሚመቸው ርቀት 1600 ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከመነሻው ፊት ወጥቶ መሮጥ ይወዳል። ባለቤቱ ግን በየሳምንቱ ያስገባው የነበረው 2400 ሜትር የሣር ውድድር ላይ ነው። ለምን? የሽልማቱ ገንዘብ ትልቅ ስለሆነ። እረፍት የሚባል ነገር አልሰጠውም። አንዴ አፈር ላይ ሲያስገባውም ጋላቢውን «ከኋላ ሆነህ ጠብቅ» ብሎ አዞታል። ፈረሱ ያን ቀን ከሁሉም የባሰ ሮጠ።

ይቺ የመጨረሻዋ ግራ አጋባችኝ። አፈር ከወደደ ለምን ባሰበት? የፈረስ ጋጣ ውስጥ የሚሠሩ አንድ የአገራችን ሰው አውቃለሁ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። ደወልኩላቸው።

«አሸዋው ፊቱን ሲመታው አይተኸዋል?» አሉኝ።

«ጌም ነው እኮ ጋሼ።»

«ጌም ይሁን። የሠራው ሰው ፈረስ ካወቀ ያንንም አስገብቶታል።»

ከዚያ አስረዱኝ። አፈር ላይ ከፊት የሚሮጡት ፈረሶች ኮቴ አሸዋውን ወደኋላ ይረጨዋል። ከኋላ ያለው ፈረስ ዓይኑንም አፍንጫውንም ይመታዋል። የለመደው አንገቱን ደፍቶ ያልፈዋል። ያልለመደው አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ እርምጃው ያጥራል፣ ጋላቢው ቢገፋውም አይሄድም። እንዲህ ዓይነቱን ፈረስ ወይ ፊት ታወጣዋለህ፣ ወይ ወደ ውጭ አውጥተህ ንጹሕ አየር ትሰጠዋለህ። «ከኋላ አስቀምጠህ ሰነፍ ነው ብትለው ግፍ ነው ልጄ» አሉኝ።

ኮዱን ሳየው በእርግጥም ገብቷል። ባግ፣ ማለትም የኮድ ስህተት፣ አልነበረም።

ሙከራውን የሠራሁት የዚያኑ ፈረስ ቅጂ ወስጄ ነው። የሙከራ ፈረሶቼን በነገሥታቱ ፈረሶች ስም ነው የምጠራቸው፤ ታጠቅ፣ በዝብዝ። ይሄን ዳኘው አልኩት። አንድም ቁጥር አልነካሁም። መጀመሪያ አሳረፍኩት። ቀጥሎ ሽልማቱ ትንሽ የሆነ 1600 ሜትር የአፈር ውድድር ላይ አስገብቼ ፊት እንዲወጣ አዘዝኩ። በሰፊ ርቀት አሸነፈ። እዚህ ላይም ብልሃት ያስፈልጋል። በሃንዲካፕ ውድድር፣ ማለትም ጠንካራው ፈረስ የበለጠ ክብደት በሚሸከምበት ውድድር፣ ያሸነፈ ፈረስ ደረጃው ከፍ ይላል፣ በሚቀጥለው ጊዜ የሚሸከመው ክብደትም ይጨምራል። ስለዚህ ቀላል ድል መልቀም ብቻውን አያዋጣም፤ ከፍ ወዳለ ውድድር መቼ እንደምታሻግረው ማሰብ አለብህ።

ለአለቃችን ሳሳየው አንድ እውነተኛ ታሪክ ጨምሬ ነገርኩት። ሲጋር የሚባለው የአሜሪካ ፈረስ ሣር ላይ ሲሮጥ ማንም ልብ አይለውም ነበር። አሠልጣኙ ቢል ሞት እ.ኤ.አ. በ1994 ኦክቶበር ላይ ወደ አፈር አዛወረው። ከዚያ በተከታታይ 16 ውድድር አሸነፈ። ከነዚህ አንዱ እዚሁ ዱባይ፣ ናድ አል ሸባ የሚባለው መም ላይ በ1996 የተካሄደው የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ነው። ፈረሱ ያው ፈረስ ነው።

ፍጥነቱን ብንጨምር ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ያ ፈረስ የሚመቸው መም ላይ የገባ ቀን የሚደርስበት አይኖርም። የሌሎቹ ተጫዋቾች ፈረስ ሁሉ ዋጋ ያጣል። አንዱን ለማስደሰት የቀሩትን እናባርር ነበር።

ይህን ስል ግን ቅሬታ አቅራቢው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። አንድ ትልቅ እውነት ነበረው። ጌማችን ምንም አልነገረውም። ከውድድር በኋላ የሚያየው «ዘጠነኛ ወጥቷል» የሚል ብቻ ነው። በእውነተኛው ዓለም ጋላቢው ከፈረሱ ሲወርድ ለአሠልጣኙ የተሰማውን ይናገራል። እኛ ጋ ያ ሰው ድምፅ አልነበረውም።

ስለዚህ ከውጤቱ ሥር የጋላቢው አስተያየት እንዲገባ አጥብቄ ተከራከርኩ። «ሣሩ አልተመቸውም።» «የመጨረሻው 400 ሜትር ላይ ትንፋሽ አጠረው።» «አሸዋው ሲመታው ወደኋላ አለ።» አለቃችን የፈለገው የፈረሱ የመም ምርጫ ከመጀመሪያው በደረጃ ተጽፎ እንዲታይ ነበር። እኔ አልተስማማሁም። ሁሉ ነገር ተጽፎ ከተሰጠው ተጫዋቹ ምን ያስባል? አሠልጣኝ የሚኮነው ምልክት አይቶ በመገመት ነው። በመጨረሻ አስተያየቱ ገባ፤ ደረጃው ግን ፈረሱ በዚያ መም ላይ ከሮጠ በኋላ ብቻ እንዲታይ ተስማማን።

አሁን የያዝነው ክርክር የዝናብ ነው። በሚቀጥለው አፕዴት የእንግሊዝ መሞች ይገባሉ። እዚያ ሣሩ ጠዋት ደረቅ ሆኖ ከሰዓት ሊጨቀይ ይችላል፤ ጭቃ የሚጠላ ፈረስ ያለው አሠልጣኝም መሙ ሲቀየር ፈረሱን ከውድድር ያስወጣል። ፕሮግራመሩ ከተመዘገቡ መውጣት የለም ይላል፤ አሠራሩ ይወሳሰባል ብሎ። እኔ የመውጫ ቁልፍ ይኑር ባይ ነኝ። የምዝገባ ክፍያው ይቅርበት፣ ፈረሱ ግን ይትረፍ። ሰኞ ስብሰባ አለን፤ የጋሼን ምክር ይዤ እገባለሁ።