ዮኒ አድጓል

ጳጉሜን ሲገባ አንድ ነገር ይጫነኛል። በሽታ አይደለም፣ ድብርትም ለማለት ይከብዳል። ሰው ሁሉ ሒሳቡን ሲዘጋ እኔም «አንቺስ ምን ሠራሽ?» ተብዬ የምጠየቅ ይመስለኛል። ዛሬ ደግሞ መብራት የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን እንዲህ እየደበደበው መብራት ቢኖርም ኪቦርዱ አይሰማ። ዘፈን የማስተምርበትን ስቱዲዮ ለዕረፍት ዘግቼ ለወላጆች የምሰጠውን የዓመቱን ሪፖርት ልጽፍ ተቀምጫለሁ።

ጥሩ ዓመት ነበር። ሳልሽኮረመም ልናገረው። አምና እንግዳ መቀበያ የነበረችው ክፍል ዘንድሮ ታፔላ ተሰቅሎላታል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፊበት፣ ድምፅ ያፍናል ላላችሁኝ ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ክፍሉ ውስጥ የሚያስተጋባውን ትንሽ ቀነስ አደረገው እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን ምንም አላስቀረም። ጎረቤቶቼ አሁን የባቲን ቅኝት ከአንቺሆዬ ይለያሉ። እትዬ በቀደም በአጥሩ በኩል ብቅ ብለው «ያቺ ልጅ ዛሬም እዚያችው ቦታ ላይ ሳተች» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ባንክ ቤት የምትሠራዋ የመጣች ሰሞን የምትዘፍነው ፊቴን ካዞርኩላት ብቻ ነበር። ሰኔ ላይ ሐይቁ ዳር ባዘጋጀናት ትንሽ ዝግጅት ግን አምባሰል ተጫወተች። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሳው ነፋስ ማይኩ ውስጥ እየገባ ፉፉ ሲል እንኳን አልደነገጠችም። አለቃዋ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ሌላው ልጅ ደግሞ የሠርግ ባንድ ገብቷል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ አያነሳም። ይህንንም ስኬት ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ዮኒ ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ።

ዮኒን ታውቁታላችሁ፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ልጅ። መስከረም ላይ ባቲን ይዞ ወደ ላይ ሲወጣ ባጃጁን አቁሞ የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ከዚያ የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ዘፈኑ መሀል ድምፁ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ታች ወረደ። ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ትንንሾቹ ሳቁበት። እያደር ጎረነነ፤ ሱሪውም በዚያው አጠረ።

ተፈጥሮ ነው። ማንቁርት ሲያድግ የድምፅ አውታሮች ይረዝማሉ፣ ይወፍራሉም። ልጅ ሲናገር በሰከንድ 250 ጊዜ ገደማ ይርገበገቡ የነበሩት፣ ጎልማሳ ሲሆን 120 አካባቢ ይሆናሉ። አንድ ኦክታቭ፣ ከላይኛው ዶ እስከ ታችኛው ዶ፣ ወረደ ማለት ነው። ኪቦርዱ ላይ ቶኑን ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፣ አድርገንለታልም። ጉሮሮው ግን የለመደው የድሮውን ነው። ከፍታው ጋ ሲደርስ እንደ ልማዱ ሊወጣ ይሞክራል፣ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚህ ሰኔ ላይ አልዘፈነም። የማይክ ገመድ ሲጠቀልል ዋለ።

እስቲ አሁን ምን ብዬ ልጻፍ? ዘንድሮ ከእሱ በላይ ያደገ የለም፣ ሜትር ይዞ መለካት ይቻላል። አባቱ ግን «ድምፁ የሚንቆረቆር ልጅ ሰጥቼሽ አጎቱን መለስሽልኝ» ብለውኛል። እየሳቁ ነው ያሉት። ግን ክፍያውን የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ሪፖርቱን ትቼ ስለ ድምፅ ማሰብ ጀመርኩ። ያኛው የት ሄደ? የወተት ጥርስ እንኳን ሲወልቅ ወግ አለው። ጣሪያ ላይ ይወረወራል፣ አዲስ ስጠኝ ይባላል። ድምፅ ሲሄድ ግን ማንም ምንም አይልም። አንድ ማክሰኞ ላይ ተነስተህ ታጣዋለህ፣ ቤተሰብ «ጎረመሰ» ብሎ ይስቃል፣ አለቀ። ስልኬ ውስጥ የጥቅምቱ ቅጂ አለ። ላሰማው ወይስ ልደብቀው? ባሰማው «ይሄ ማነው?» የሚለኝ ይመስለኛል። ብደብቀው ደግሞ የሱን ንብረት ነው የምደብቀው።

አጎቴ ልጅ ሆኖ ድጓ ተምሯል። ባለፈው ከዘጌ በጀልባ ሲመጣ፣ ቡናና ጌሾውን ገና ሳያወርድ ጠየቅኩት።

«አጎቴ፣ ድምፅህ ሲጎረንን ምን አደረግህ?»

«የቱ ድምፄ?»

«የልጅነትህ። ዜማ ስትማር።»

አሰበ። «እኔ እንጃ። የኔታ ‹ዝቅ አድርገህ ያዝ› አሉኝ፣ ያዝኩ። ያን ጊዜ እኛን የሚያስጨንቀን ውሻ ነበር።»

ቁራሽ ሲለምኑ የሚያባርራቸውን ውሻ ማለቱ ነው። ከዚያ የጭኑን ጠባሳ አሳየኝና ስለ ውሻው ብዙ አወራኝ። ስለ ድምፁ አንድም የሚያስታውሰው ነገር የለም። እስካሁን ይደንቀኛል። ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዙንም፣ ዕዝሉንም፣ አራራዩንም ከላይ የጀመረ ሰው ከታች ጨርሶት፣ መሀል ላይ ምን እንደተፈጠረ ልብ አላለውም! በርግጥ እሱን ስልክ ደቅኖ የሚቀርጸው አባት አልነበረውም። ሐይቁ ዳር ወንበር ደርድረን ስሙን በፖስተር አላወጣንበትም። ዮኒን ግን በመስከረሙ ድምፁ ነው ከተማው የሚያውቀው።

እኔስ ብሆን? ቀበሌ ኪነት ውስጥ ሳለሁ ትዝታን ስዘፍን የምደርስባት አንዲት ከፍታ ነበረችኝ። አሁን የለችም። መቼ እንደሄደች አላውቅም፤ የኔ እንኳን እንደ ዮኒ ደህና አድርጋ አልተሰበረችም፣ ሹልክ ብላ ነው የወጣችው። ተማሪዎቼ «እስቲ አንቺ አሳዪን» ሲሉኝ ከታች እይዝላቸውና «ጉንፋን ይዞኛል፣ እናንተ ከላይ አድርጉት» እላለሁ።

ባንከሯ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ በመጨረሻው ክፍላችን ማርና ዝንጅብል በፔርሙዝ ይዛልኝ መጣች። የሚዋጥ ነገር በሌላ ቧንቧ እንደሚወርድ፣ ማር የድምፅ አውታሩን እንደማይነካ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። ቢሆንም ጠጣሁላት። ኩባያውን ስመልስላት ትክ ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ይሄ ጉንፋን ግን እኔ ከመምጣቴም በፊት ነበረብሽ አይደል?»